ውሻው የማን ነው?



«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል። ይህን ጽሑፍ በሰሌዳው ላይ የምንለጥፈው ነገሩ ካለፈ በኋላ ስለ ሆነ፣ ተረቱ መጀመሪያ የሚነካው እኛኑ ነው። ዳሩ ግን ይህ ጅብ ተመልሶ የሚመጣ ዐይነት ነውና ዘግይቶም ቢሆን መጮህ ዝም ከማለት ይሻላል ብለናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ጥር ወር አንዲት የሦስተኛ ክፍል ተማሪ እናቷ ወፍጮ ቤት ልካት ስትመለስ፣ መታጠፊያው ላይ አንድ ቡናማ ውሻ ባቷን ነከሳት። ሰው ጮኾ ደረሰ፤ ውሻው በድንጋይ ተባረረ፤ ልጅቱም ታቅፋ ወደ ቤቷ ተወሰደች። እስከዚህ ድረስ በየትም ሠፈር የሚደርስ ነው። የሚያሳፍረው ከዚያ ወዲያ የመጣው ነው። አባቷ በየበሩ እየዞሩ፣ «ውሻው የማን ነው? ገንዘብ አልጠይቅም፤ መከተቡን ብቻ ንገሩኝ» ቢሉ፣ «የኔ ነው» የሚል ሰው ጠፋ። አንደኛው ቤት፣ «ማደሩንስ እዚህ ያድራል፤ ግን የኛ አይደለም፣ ከገጠር ልጁን ተከትሎ የመጣ ነው» አሉ። ሁለተኛው ቤት፣ «ፍርፋሪ እንጥልለታለን እንጂ እኛ ውሻ የለንም» አሉ። ገጠር ያለው ሰው በስልክ ሲጠየቅ ደግሞ፣ «ከኔ ቤት ከወጣ ዓመት አለፈው፤ አሁን የከተማ ውሻ ነው» ብሎ ዘጋው። አንዱ ቤት ቡቺ፣ አንዱ ቤት ጃክ፣ ገጠር ደግሞ አንበሳ እየተባለ በሦስት ስም ሲጠራ የኖረ ውሻ፣ በአንድ ቀን ባለቤት አልባ ሆኖ አረፈው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከእኛ ከሰሌዳው አዘጋጆች አንዱም ለዚያ ውሻ ማታ ማታ አጥንት ይጥልለት ነበር። አባትየው በሩን ሲያንኳኩ እሱም፣ «አላውቀውም» ብሏል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ ሌላውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ ለራሳችንም ነው።

እንደሚታወቀው ሠፈራችን ያለችው በደብረ ብርሃን ከተማ ዳር ነው። በፊት ለፊት በኩል አስፋልት፣ ባጃጅ፣ ሉካንዳና የቆርቆሮ አጥር፤ በጓሮ በኩል ደግሞ የገብስና የባቄላ ማሳ፣ የበግ መንጋ፣ የኩበት ክምር። ገበሬውና የከተማው ሰው በአንድ ቧንቧ ውሃ ይቀዳል፤ በአንድ ዕድር ይቀብራል። ውሻውም እንደ ሰዉ አንድ እግሩ እርሻ፣ አንድ እግሩ ከተማ ነው።

በእርሻው በኩል ውሻ ሥራ ያለው ፍጡር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ አውድማ ያድራል። ግልገል የሚወልዱት በጎች ዙሪያ ቀበሮ ሲያንዣብብ የሚያባርረው እሱ ነው። ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ባለው በዚህ አገር ውርጭ፣ ሰዉ በጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቦ ሲተኛ፣ ውሻው በበረቱ አፍ ተጠቅልሎ ጅብ ይጠብቃል። ደመወዙ የእንጀራ ቁራሽና ከተገኘ አጓት ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የተባለው ለዚህ ነው። በከተማው በኩል ደግሞ ውሻ ቀን በሰንሰለት፣ ማታ በግቢ ነው፤ ወይም መሆን ነበረበት። በሩ ላይ «ከውሻ ተጠንቀቁ» ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱም ኑሮ በየራሱ ሥርዓት አለው። ችግሩ ያለው ከሁለቱ መካከል ነው።

ውሻ እንዴት ነው ከእርሻ ወደ ከተማ የሚገባው? እኛ ያየናቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ የገበሬው ልጅ ለትምህርት ከተማ ቤት ሲከራይ ውሻው ተከትሎት ይመጣል፤ ልጁ በዓል ሲደርስ ወደ ቤተሰቡ ሲመለስ ውሻው አንዳንዴ አብሮት ይሄዳል፣ አንዳንዴ እዚሁ ይቀራል። ሁለተኛው፣ በገበያ ቀን በግ ሲነዳ አብሮ ይነዳል፤ በግርግሩ ይጠፋና ከሉካንዳው ጀርባ ኑሮ ይጀምራል። ሦስተኛውና ልብ የሚነካው፣ ማሳው ለከተማ ግንባታ ሲሆን ነው። ገበሬው ከብቱን ሸጦ ወደ ኪራይ ቤት ሲገባ አከራዩ፣ «ውሻ አይቻልም» ይላሉ። ታዲያ ውሻው የት ይሂድ? የድሮው ግቢ ፍርስራሽ ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ የከረመ ውሻ አይተናል። ሠራተኞቹ መሠረት ሲቆፍሩ እሱ ዳር ቆሞ ይጮኽባቸው ነበር። ለእሱ ያ ቦታ አሁንም የጌታው በረት ነው።

ከዚህም ሌላ የሚጣሉ ቡችሎች አሉ። ውሻ ስትወልድ ወንዶቹ ይታደላሉ፤ ሴቶቹ በጆንያ ተይዘው መንገድ ዳር ይጣላሉ። ገጠሩ ወደ ከተማ ይጥላል፣ ከተማው ወደ ገጠር መውጫ ይጥላል። የተጣሉት አድገው መልሰው ይወልዳሉ። እንግዲህ «ይህ ሁሉ የመንገድ ውሻ ከየት መጣ?» ብለን ስንገረም የመጣው ከየቤታችን መሆኑን ማወቅ አለብን።

ልጅቱ ከተነከሰች በኋላ በተደረገው የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ብዙ ተባለ። አንድ ወንድማችን ተነሥተው፣ «ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ በአንድ ሌሊት መገላገል ነው» አሉ፤ ያጨበጨበም አልጠፋም። ከወዲያ በኩል አንድ አባት ደግሞ፣ «ኧረ ምነው! የናንተ ልጅ በውሻ ተነከሰች፣ የኔን በግ ከጅብ ማን ሊጠብቅልኝ ነው?» ብለው በቁጣ ወጡ። ሁለቱም የተናገሩት ከጉዳታቸው ተነሥተው ነው፤ አንዳቸውንም አንነቅፍም። ነገር ግን መርዙን እንቃወማለን። ምክንያታችንንም በዝርዝር እንገልጻለን።

መርዝ ጠያቂ አይደለም። የተከተበውንና ያልተከተበውን፣ የታሠረውንና የሚዞረውን አይለይም። በየከተማው ለዚህ ሲውል የኖረው ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ እንስሳውን በከባድ መንቀጥቀጥ የሚገድል ነው፤ የወደቀውን ሬሳ የሚበላ ጥንብ አንሣም አብሮ ይሞታል። ልጆች በሚጫወቱበት ሜዳ የተመረዘ ሥጋ መበተን ደግሞ በሽታውን በሌላ ሞት መለወጥ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የታሰበውን ውጤት አያመጣም። ውሻ ባለቀበት ሠፈር ፍርፋሪውና አጥንቱ እስካለ ድረስ ከአጎራባች ሠፈር ሌላ ይገባል፤ የሚገባውም ያልተከተበ ነው። ለዚህ ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በኢንዶኔዥያ የባሊ ደሴት በ2008 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ሲገባ መጀመሪያ ውሻ በብዛት ተገደለ፤ በሽታው ግን ደሴቱን አዳረሰ። መቀነስ የጀመረው ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ ውሾቹ በዘመቻ መከተብ ሲጀምሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የሚመክረው ከመቶ ውሾች ቢያንስ 70ውን መከተብ ነው። ያን ያህል ከተከተበ በሽታው የሚሸጋገርበት ውሻ ያጣል። እንግዲህ መርዝ የሚረጭ ሰው የተከተበውን ውሻ ሲገድል አጥራችንን እያፈረሰ ነው ማለት ነው።

ስለ በሽታውም ጥቂት እንበል፤ ምክንያቱም በሠፈራችን ስለሱ የሚወራው ብዙ፣ የሚታወቀው ጥቂት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው። ወደ ሰው ከሚተላለፈው 99 በመቶ ያህሉ በውሻ በኩል ነው። በተጠረጠረ ውሻ ከሚነከሱት ከመቶ 40ው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በሽታው ከንክሻው በኋላ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሦስት ወር ተደብቆ ይቆያል፤ ከሳምንት እስከ ዓመትም ሊሆን ይችላል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም ቢባል ያስኬዳል። ምልክቱ ሳይታይ በፊት ግን ክትባቱ ያድናል። ሉዊ ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ዮሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ በዚህ መንገድ ካተረፈ ወዲህ የሚታወቅ ነገር ነው። ስለዚህ ሞቱ የሚመጣው ከበሽታው ብቻ ሳይሆን ከመዘግየትም ነው።

የተነከሰ ሰው መጀመሪያ ማድረግ ያለበት ቀላል ነው። ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፤ ከዚያ በዚያው ዕለት ጤና ጣቢያ መሄድ። በርበሬ፣ ቅቤ ወይም የውሻውን ፀጉር አቃጥሎ መነስነስ ይቅር። ጠበል የሚሄደውን ማንም አይከለክለውም፤ እምነቱ ነው። ግን ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፈንታ አይሁን። የዱሮ ሰዎች ሆድ ላይ በተከታታይ ለብዙ ቀናት ይወጋ የነበረውን መርፌ እያስታወሱ ልጆችን ያስፈራራሉ። አዲሱ ክትባት ግን በክንድ ላይ፣ በተወሰኑ ቀናት ልዩነት፣ ጥቂት ጊዜ የሚሰጥ ነው።

በውሻው ላይ የሚታየው ምልክት ሁልጊዜ ቁጣ አይደለም። ሳይነኩት የሚናከስ፣ ድምፁ የሰለለ፣ ለሃጩ የሚንጠባጠብ፣ እግሩ የሚወላገድ ውሻ መኖሩ እውነት ነው። ዝም ብሎ ጨለማ ጥግ የሚገባና መንጋጋው የሚወድቅ ውሻም ግን እኩል ያስፈራል። ገበሬ ወንድሞቻችን በተለይ ልብ በሉ፦ በሽታው በሬና ላምም ይይዛል። ከብት ለሃጩን ሲያዝረበርብና መዋጥ ሲያቅተው፣ «አጥንት ተሰንቅሮበት ነው» ብሎ እጅን ጉሮሮው ውስጥ መስደድ አደገኛ ነው። መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

አሁን ወደ ልጅቱ እንመለስ። ውሻው ባለቤት ቢኖረው ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። ክትባቱ ወዲያው ይጀመራል፤ ውሻው ደግሞ ታስሮ 10 ቀን ይጠበቃል። በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰ ጊዜ በሽታውን የሚያስተላልፍ አልነበረም ማለት ነውና፣ ሐኪሙ ቀሪውን መርፌ ሊያስቀር ይችላል። የኛ ውሻ ግን ባለቤት ስላልነበረው አልታሠረም። በማግሥቱ ጎረምሶች አሳደው በድንጋይ ገደሉትና ሬሳውን ገደል ጣሉት። ታሞ ይሁን ጤነኛ ማንም ሊያውቅ አልቻለም። ስለዚህ ልጅቱ መርፌውን በሙሉ ወሰደች። መጀመሪያ የሄዱበት ቦታ ክትባቱ ስላልነበረ አባትየው ከሥራ ቀርተው፣ ተበድረው፣ ሌላ ቦታ ወስደው ነው ያስከተቧት። እናትየው ደግሞ ሁለት ሦስት ወር ሙሉ ልጅቱ ውሃ በጠጣች ቁጥር አፍ አፏን ሲያዩ ከረሙ። ይህን ሁሉ ያመጣው የውሻው ጥርስ ብቻ ነውን? አይደለም። «የኔ ነው» የምትል አንዲት ቃል በመጥፋቷ ነው።

ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ እኛ ግን ያበላነውን ካድን።

ለምን እንደምንክድ ይታወቃል፤ መክፈልን ፈርተን ነው። በርግጥም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ «አምልጦኝ ነው» ማለትም አያድንም። አንድ ድሃ ሰው ይህን ሲያስብ «አላውቀውም» ማለት ይቀለዋል። እንግዲህ ሰውን በመገሠጽ ብቻ አይሆንም፤ ማመን ከመካድ ይልቅ የሚቀልበት መንገድ መፈጠር አለበት። «የሚያበላ ሁሉ ባለቤት ነው ካላችሁ ነገ ማንም ፍርፋሪ አይሰጥም፤ የተራበ ውሻ ደግሞ የባሰ ነው» ያሉን እናት አሉ። እውነት አላቸው። ከዚህ በታች ያለውን ሐሳብ ስናቀርብ የሳቸውን ቃል አልረሳንም።

ሌላም የምንረሳው ነገር አለ። በፋሲካ፣ በመስቀልና በእንቁጣጣሽ በየግቢው በግ ይታረዳል። ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ ያቋተ ከረጢት ሲገኝ፣ «ይሄ አይበላም» ብለን ለውሻ እንወረውራለን። ደግ ያደረግን ይመስለናል። ነገር ግን ያ ከረጢት የትል ዕጭ ያለበት ነው። ውሻው ሲበላው በሆዱ ውስጥ ከ7 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ትንሽ የኮሶ ዐይነት ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል በዐይነ ምድሩ ይወጣና ሣሩ ላይ፣ ጎመኑ ላይ፣ ውሻውን ያሻሸው ልጅ እጅ ላይ ይደርሳል። ሣሩን በግ ሲግጠው እንደገና ከረጢት ይሆናል፤ ሰው ሲውጠው ደግሞ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። እርሻና ከተማ በአንድ ውሻ ሆድ በኩል እንዴት እንደሚገናኙ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለም። መድኃኒቱም ከባድ አይደለም፤ የማይበላውን የሆድ ዕቃ በጥልቅ ቀብሮ ድንጋይ መጫን ወይም ማቃጠል፣ ውሻውንም የእንስሳት ሐኪም በሚያዝዘው መሠረት የትል መድኃኒት መስጠት ነው።

በመጨረሻም የእኛ ውሻ ጉዳቱ ከሠፈራችን አልፎ እንደሚሄድ እናስታውስ። በዚሁ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ጓሳ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። በመላው አገሪቱ የቀረው ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል። በ1991 እና በ1992 እ.ኤ.አ. በባሌ ተራሮች ከከብት ጠባቂ ውሾች የተሻገረ የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ሲጠኑ ከነበሩት መንጋዎች አብዛኛውን ፈጅቷል። ከከተማ ወደ ገጠር፣ ከገጠር ወደ ተራራ፣ ውሻ የሚሄድበትን መንገድ በሽታውም ይሄድበታል።

ስለዚህ ለሚቀጥለው ስብሰባ የሚከተለውን እናቀርባለን፦

1ኛ/ ማኅበሩ የውሻ መዝገብ ይክፈት። ውሻው በገጠርም በከተማም የሚኖር ከሆነ ሁለቱም ቤት ይመዝገቡ። በሁለት ቤት የሚበላ ውሻ ሁለት ባለቤት አለው።

2ኛ/ ከ3 ወር በላይ የሆነው ውሻ ሁሉ በየዓመቱ ይከተብ። ማኅበሩ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎችን አነጋግሮ አንድ ቀን ይቁረጥ፤ ቀኑም የገበያ ቀን ይሁን፣ ገበሬው ከበጉ ጋር ውሻውንም ይዞ እንዲመጣ። የክትባቱ ወረቀት ከውሻው ጋር ይሂድ፤ የተከተበው በአንገቱ ቀለም ያለው ጨርቅ ይታሠርለት።

3ኛ/ ማንም ውሻውን መንገድ ላይ አይልቀቅ። ቀን ይታሠር፤ ማታ በግቢ ውስጥ ይፈታ። ለእርሻ ጥበቃ የሚሠማራ ውሻ ከጌታው ወይም ከእረኛው አይለይ።

4ኛ/ ከዕድሩ መዋጮ ጎን ለጎን ትንሽ ሣጥን ይቀመጥ። የተመዘገበና የተከተበ ውሻ ሰው ቢነክስ የሕክምናውን ወጪ ባለቤቱና ማኅበሩ ይጋሩ። ካልተመዘገበ ግን ያሳደረውም ያበላውም በሙሉ ይክፈሉ። ያን ጊዜ ማመን ከመካድ ይቀላል።

5ኛ/ ቡችላ መጣል ይቁም። ማሳደግ የማይችል ለማኅበሩ ያስታውቅ፤ በግ የሚጠብቅለት የሚፈልግ ገበሬ በዚሁ ሰሌዳ ይፈለግለት። ሴቲቱም ቡችላ እንደ ወንዱ ትጮኻለች፣ እንደ ወንዱ ትጠብቃለች።

6ኛ/ መርዝ በሠፈራችን አይረጭ።

ይህ ሁሉ ለውሻ አይበዛም ወይ የሚል አይጠፋም። ለውሻ ብቻ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይበዛ ነበር። የምንጽፈው ግን ወፍጮ ቤት ስለምትላከው ልጅ ነው።

ልጅቱ ደህና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ትምህርቷንም ቀጥላለች። ወፍጮ ቤት ስትላክ ግን መታጠፊያውን ትታ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዙሪያውን ትሄዳለች፤ እጥፍ መንገድ ነው። ያን ዕለት «አላውቀውም» ያለው ባልደረባችን ዘግይቶም ቢሆን አባቷ ዘንድ ሄዶ፣ «ጋሼ፣ አጥንት የምጥልለት እኔም ነበርኩ» ብሏቸዋል። እሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ያን ቀን ብትነግረኝ እኮ አብረን እናስረው ነበር» አሉት እንጂ ሌላ አልተናገሩም።

መዝገቡ ሲከፈት የመጀመሪያው መስመር ላይ የሚጻፈው የእኛ ስም ይሆናል። ከዚያ በታች ቦታ አለ።

የማስታወቂያ ሰሌዳው አዘጋጆች